አውሮፓን በባቡር ለመዞር ካሰባችሁ፦ የአገሬው ሰው የሚያውቀውን ይዛችሁ አቅዱ

ቀይ ባቡር ነው። የስዊዘርላንድን ተራራ ወርዶ ጣሊያን ድንበር ላይ ያለችው ቲራኖ ሲደርስ ሀዲዱ አስፋልቱ ላይ ይወጣል። መኪኖች ይቆሙለታል። ባቡሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለውን አደባባይ ቀስ ብሎ ያቋርጥና ወደ ጣቢያው ይገባል። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት ዛፍ የማይበቅልበት ከፍታ ላይ ነበራችሁ። አሁን ዙሪያችሁ የወይን ማሳ ነው።

በዚህ ሀዲድ ላይ ሁለት ዓይነት ባቡር ይሄዳል። አንደኛው በርኒና ኤክስፕረስ ነው። መስታወቱ እስከ ጣሪያው ይደርሳል፣ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው፣ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ በአውሮፓ በጋ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛው የሰፈሩ ሰው ገበያና ሥራ የሚሄድበት ተራ ባቡር ነው። ማስያዝ አያስፈልገውም። መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎም ይገኝበታል፤ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ተራራው ያው ነው፣ ድልድዩም ያው ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለው ነገር እንዳያመልጣችሁ ነው። ቱሪስት በፍለጋ ገጹ ላይ አንደኛ የወጣውን ይገዛል። የአገሬው ሰው ግን የትኛው መስመር ወንዙን ተከትሎ እንደሚሄድ፣ የቱ ጋ ባቡር መቀየር እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ትኬት እንደማይመለስ ያውቃል። ከዚህ በታች ደረጃ በደረጃ እንሂድበት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ቪዛና ወር

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። ርካሹ የባቡር ትኬት አብዛኛውን ጊዜ የማይመለሰው ነው። ቪዛው ቢዘገይ ገንዘቡ ቀለጠ ማለት ነው።

በሸንገን ቪዛ 29 አገሮችን መዞር ይቻላል። የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት በምታድሩበት አገር ነው። እኩል ከሆነ መጀመሪያ በምትገቡበት። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላል፤ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀር መግባት አለበት። እስከዚያ ግን አትጠብቁ። እንግሊዝና አየርላንድ ሸንገን ውስጥ የሉም። ከፓሪስ ለንደን ደርሳችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋል። የሸንገኑም ቪዛ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት። ይሄን ዘንግተው ለንደን ላይ የተያዙ ሰዎች አሉ።

ወሩን በተመለከተ፣ ጁላይና ኦገስት ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ሙቀቱም ቀላል አይደለም። ሜይ፣ ጁን እና ሴፕቴምበር ይሻላሉ። በዓመት አንዴ፣ በዲሴምበር አጋማሽ፣ የአውሮፓ ባቡሮች ሰሌዳ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ላለ ቀን ትኬት ፈልጋችሁ ካጣችሁ ባቡሩ ቀርቷል ማለት አይደለም፤ ሽያጩ ገና አልተከፈተ ይሆናል።

2. ካርታው ላይ ከተማ ቀንሱ

ሰው ሲያቅድ መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው፦ በ10 ቀን 8 ከተማ። ሻንጣ ማሰር፣ ሆቴል መልቀቅ፣ ጣቢያ መሄድ፣ መጓዝ፣ አዲሱን ሆቴል መፈለግ። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ብቻ ቢፈጅም እንኳ ግማሽ ቀን ሄደ። በ10 ቀን 4 ማደሪያ ይበቃል። ከማደሪያው ሆናችሁ በአካባቢው ባቡር ደርሶ መልስ ማለት ትችላላችሁ፣ ያለ ሻንጣ።

በአንድ ከተማ ገብታችሁ በሌላ ከተማ ውጡ። ወደ ተነሳችሁበት መመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። ለምሳሌ ያህል ይህን መንገድ እንያዝ፦ ከኮሎኝ በራይን ወንዝ ዳር ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ስዊዘርላንድ ኩር፣ ከኩር በበርኒና ቲራኖ፣ ከቲራኖ ሚላኖ፣ ከሚላኖ ቬኒስ፣ ከቬኒስ በሌሊት ባቡር ቪየና። እንደ አዲስ ባቅድ እኔ ይሄንኑ ነው የምመርጠው።

3. ፈጣኑን ሳይሆን የሚያምረውን መስመር ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የባቡር ዕረፍት የሚጣፍጠው እዚህ ነው።

ኮሎኝና ፍራንክፈርት መካከል ሁለት መንገድ አለ። አዲሱ በ2002 የተከፈተ፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚኬድበት ነው። ከዋሻ ዋሻ እየገባ ከአውራ ጎዳናው ጎን ይከንፋል። ምንም አታዩም። አሮጌው በኮብሌንዝና በማይንዝ በኩል ከወንዙ ጋር አብሮ ይጠማዘዛል። አንድ ሰዓት ያህል ቢያስጨምር ነው። በሁለቱም ዳርቻ ቋጥኝ ላይ የተንጠለጠሉ ቤተ መንግሥቶች አሉ፣ ጭነት የሚያመላልሱ ረጃጅም ጀልባዎች አሉ፣ በተረት የሚታወቀው የሎሬላይ ገደልም እዚያው ነው። ከኮሎኝ ወደ ማይንዝ ስትሄዱ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ወንዙ በዚያ በኩል ነው።

ፍለጋው ላይ ግን አሮጌው መስመር በራሱ አይመጣላችሁም። በጀርመን ባቡር አፕ ላይ «በዚህ በኩል» የሚል መሙያ አለ። እዚያ ኮብሌንዝ ብላችሁ ጻፉ። ፈጣን ባቡሮችንም ከምርጫው ማውጣት ይቻላል። ይቺን ብቻ ብታውቁ ግማሹን ነገር አወቃችሁ።

ስዊዘርላንድም እንዲሁ ናት። በ2016 የተከፈተው አዲሱ የጎታርድ ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዓለም ረጅሙ የባቡር ዋሻ። ድንቅ ሥራ ነው፤ ለተሳፋሪው ግን 20 ደቂቃ ጨለማ ነው። በ1882 የተከፈተው የተራራው መስመር ዛሬም ይሠራል። ትሬኖ ጎታርዶ የሚባለውን ባቡር ፈልጉ። ከሰሜን መጥታችሁ ቫሰን የምትባል መንደር ጋ ስትደርሱ ከመስኮቱ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ኮረብታ ላይ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለ። መጀመሪያ ከላያችሁ ታዩታላችሁ። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ክብ ሠርቶ ይወጣል፤ አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ከፊታችሁ ነው። እንደገና ዋሻ፣ እንደገና ክብ። ሲወጣ ወደ ታች ትመለከቱታላችሁ። ያንኑ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ጊዜ። ባቡሩ ከፍታ የሚጨምረው ተራራው ውስጥ እየዞረ ስለሆነ ነው።

የበርኒና መስመር ደግሞ 2253 ሜትር ላይ ይወጣና ቲራኖ ላይ ወደ 429 ሜትር ይወርዳል። ባቡሩን ቁልቁለት ላይ የሚይዝ ጥርስ ያለው ሀዲድ የለውም። በየ100 ሜትሩ እስከ 7 ሜትር በሚደርስ ቁልቁለት ላይ ተራ ሀዲድ ይዞ ነው የሚወርደው። በ2008 ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ወደ ቲራኖ ስትወርዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ላጎ ቢያንኮ ሐይቅና አልፕ ግሩም ላይ የሚታየው የበረዶ ግግር በዚያ በኩል ናቸው። ብሩሲዮ ስትደርሱ ባቡሩ ሜዳ ላይ በተሠራ ክብ ድልድይ ዞሮ በራሱ መንገድ ሥር ያልፋል። የራሳችሁን ባቡር ፊተኛ ፉርጎ በመስኮት ታዩታላችሁ።

ቲራኖ ላይ የስዊዘርላንዱና የጣሊያኑ ጣቢያ ጎን ለጎን ናቸው። አደባባዩን ተሻግራችሁ የሚላኖውን ተሳፈሩ። አሁንም በቀኝ ተቀመጡ። ከኮሊኮ እስከ ሌኮ የኮሞ ሐይቅ አብሯችሁ ይሄዳል።

4. ፓስ ወይስ ነጠላ ትኬት?

ፓስ ማለት በተወሰኑ ቀናት በብዙ አገር ባቡር የሚያሳፍር አንድ ትኬት ነው። አውሮፓ ነዋሪ ከሆናችሁ የእናንተ ፓስ ኢንተርሬይል ነው። ከአውሮፓ ውጭ ከሆናችሁ ዩሬይል ነው። የሚታየው ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ጀርመን የሚኖር ሰው ኢንተርሬይል ይገዛል፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም ይዞ ይጓዛል። ኢንተርሬይል በ1972 ሲጀመር ለወጣቶች ብቻ ነበር። አሁን ለሁሉም ዕድሜ ነው፣ 33 አገር ውስጥ ይሠራል። እስከ 27 ዓመት ላሉና 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ቅናሽ አለ። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነፃ ነው የሚሄዱት፣ ግን የራሳቸው ፓስ መውጣት አለበት።

እንዴት ትወስናላችሁ? ወረቀት አውጡና ረጃጅሞቹን ጉዞዎች ብቻ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ዛሬ ያለውን የትኬት ዋጋ ፈልጉና ደምሩ። ከፓሱ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። በፓሱ ላይ የቦታ ማስያዣውን መደመር እንዳትረሱ። ቀናችሁ የማይለወጥ ከሆነና ሁለት ሦስት ወር ቀድማችሁ የምትገዙ ከሆነ ነጠላ ትኬት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ዝናብ ሲመጣ «ዛሬ እዚሁ እንዋል» ማለት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ፓስ ይሻላል።

ፓሱ ስልክ ላይ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ጉዞውን አፑ ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብትነካኩ እንደ ትኬት አልባ ልትቆጠሩ ትችላላችሁ። በሌሊት ባቡር የምትሄዱ ከሆነ የሚቆጠርባችሁ የተነሳችሁበት ቀን ብቻ ነው።

አንዳንድ አገር ደግሞ ፓስ ላይ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ሉክሰምበርግ ከ2020 ጀምሮ በአገሪቱ ውስጥ ባቡር፣ አውቶቡስና ትራም ነፃ አድርጋለች። ጀርመን ውስጥ ብቻ የምትቆዩ ከሆነ በ2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው ዶይችላንድቲኬት አለ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ ግን አሁንም ያዋጣል። በአካባቢ ባቡሮችና በከተማ ትራንስፖርት ላይ ወሩን ሙሉ ይሠራል። ፈጣኑ አይሲኢ ላይ ግን አይሠራም። ደንበኝነቱ በየወሩ በራሱ ስለሚታደስ በወሩ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዛችሁ የሚቀጥለውንም ትከፍላላችሁ።

5. ቦታ ማስያዝ

ፈጣኖቹ ባቡሮች፣ ማለትም የፈረንሳይ ቴጄቬ፣ የስፔን አቬ፣ የጣሊያን ፍሬቻሮሳና ለንደን ድረስ የሚሄደው ዩሮስታር፣ እንዲሁም የሌሊት ባቡሮች ሳይያዝ አይሞከሩም። ፓስ ቢኖራችሁም። ብዙ ጊዜ 10 ዩሮና ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ቴጄቬና ዩሮስታር ለፓስ ተጓዥ የሚመድቡት ቦታ ውስን ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ እነሱን ያዙ። የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የስዊዘርላንድ፣ የቤልጂየምና የኔዘርላንድ የአገር ውስጥ ባቡሮች በአብዛኛው ማስያዝ አይጠይቁም። የጣሊያን የአካባቢ ባቡሮች ዋጋ አይለዋወጥም፤ በዕለቱ ግዙ።

ቅጹ ላይ ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ጻፉ። የአባት ስም የት ይግባ የሚለው ሁልጊዜ ያደናግራል። ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የተጻፈው የትኛው ነው? ያንኑ።

6. ባቡር የምትቀይሩበት ጊዜ

አፑ 6 ደቂቃ ይበቃል ካለ አትመኑት። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ባቡሮቹ ከ90 በመቶ በላይ በሰዓታቸው ይደርሳሉ፣ ቀጣዩም ብዙ ጊዜ ከአጠገቡ ነው የሚቆመው። ጀርመን ግን በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚያ 30 ደቂቃ ስጡ። ትልቅ ጉዞ ከሆነ አንድ ሰዓት።

አንዴ እናቴን ይዤ 7 ደቂቃ የሚሰጥ ቅያሬ ገዛሁ። ባቡራችን የዘገየው 4 ደቂቃ ነበር፣ ብዙ አይደለም። ግን ሊፍቱ ተበላሽቷል። ሻንጣ በአንድ እጅ፣ እናቴን በአንድ እጅ ይዤ ደረጃ ወርደን ደረጃ ስንወጣ የባቡሩ በር ፊታችን ተዘጋ። ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ ምንም አላለችም፤ ብርድ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ስሄድ የምቆጥረው ደቂቃ ሳይሆን ደረጃ ነው።

የቀኑ መጨረሻ ባቡር ላይ በፍጹም አትንጠልጠሉ። ከእሱ በፊት ያለውን ያዙ።

ትልልቅ ከተሞች ከአንድ በላይ ጣቢያ አላቸው። ፓሪስ ላይ ከለንደን ወይም ከብራስልስ የመጣው ጋር ዱ ኖር ይገባል፣ ወደ ሊዮንና ማርሴይ የሚሄደው ከጋር ደ ሊዮን ይነሳል። በመሃል አርኢአር ዲ የሚባለው የከተማ ባቡር ሁለት ፌርማታ ነው። አጭር ይመስላል፣ ግን ከአንድ ሰዓት በታች አትመድቡ። ቬኒስ ላይ ደግሞ ሜስትሬ ዋናው ምድር ላይ ነው። ቦዩ ፊት ለፊት የምትወርዱበት ሳንታ ሉቺያ ነው።

7. ጣቢያው ውስጥ

ሰዓቱን አስተውሉ። 13:05 ማለት በእኛ ከቀኑ 7:05 ነው። 01:05 ደግሞ ከሌሊቱ 7:05። ስልካችሁን ሁልጊዜ በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት፣ ትኬት ስትገዙም ቀኑን ሁለቴ እዩ።

የከተማ ስም በየአገሩ ይለወጣል። ጣሊያን ውስጥ ሰሌዳው ላይ «ሞናኮ» የሚል ካያችሁ ሙኒክ ሊሆን ይችላል። ቤልጂየም ውስጥ ሊዬዥ፣ ላውክ እና ሉቲሽ አንድ ከተማ ናቸው። የፈረንሳይዋን ሊል ከተማ ደግሞ ራይስል ይሏታል። የባቡሩን ቁጥር ተከተሉ፤ ቁጥር አይተረጎምም።

ፕላትፎርሙ ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ የሚሄዱ ፊደሎች ተሰቅለው ታያላችሁ። ሰሌዳው የትኛው ፉርጎ የትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም ያሳያል። ትኬታችሁ ላይ ያለውን የፉርጎ ቁጥር ይዛችሁ ቀድማችሁ እዚያ ቁሙ። ባቡሩ 400 ሜትር ሊረዝም ይችላል። የሚቆመው ደግሞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

አንዳንድ ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ፊተኛው አንድ ከተማ፣ ኋለኛው ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከመቀመጣችሁ በፊት በሩ አጠገብ ያለውን መድረሻ አንብቡ። ከተጠራጠራችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። የከተማውን ስም ብቻ ብትሉ ይበቃል።

ጣሊያን ውስጥ ለአካባቢ ባቡር የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽን ላይ አስመቱት። ያልተመታ ትኬት ቅጣት አለው።

ለንደን የሚሄደው ወይም ከለንደን የሚነሳው ዩሮስታር እንደ አውሮፕላን ነው። ፍተሻ አለው፣ የሁለቱም አገር የፓስፖርት ቁጥጥር የሚደረገው ከመነሳቱ በፊት ነው፣ በሩም ቀድሞ ይዘጋል። በሌሎቹ የሸንገን ድንበሮች ላይ ባቡሩ ሳይቆም ቢያልፍም ፖሊስ ሊሳፈር ይችላል። ፓስፖርቱ ራሱ ይኑራችሁ። ፎቶው አይበቃም።

8. የሌሊት ባቡር

የኦስትሪያው ናይትጄት በ2016 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ከተሞችን ያገናኛል። ከቬኒስ ቪየና የሚሄደውም ከመስመሮቹ አንዱ ነው። ሦስት ዓይነት ቦታ አለ፦ መቀመጫ፣ የጋራ ክፍል ውስጥ ያለ ተደራራቢ አልጋ፣ እና አንሶላ የተነጠፈለት የመኝታ ክፍል። መቀመጫውን ርካሽ ስለሆነ አትምረጡት። በማግስቱ የምትከፍሉት በድካም ነው። ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ተደራራቢውን ክፍል ሙሉውን ያዙት። ለብቻችሁ የምትሄዱ ሴቶች የሴቶች ክፍል መኖሩን እዩ።

ውሃ፣ ካልሲና የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ፓስፖርትና ገንዘብ ትራስ ሥር ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይደሩ። በሩን ከውስጥ ቆልፉ።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ሌላ የሌሊት ባቡር አለ፣ ከሮም ወደ ሲሲሊ የሚሄደው። የሜሲናን ባሕር ሲያቋርጥ ፉርጎዎቹ ተቆርጠው መርከብ ሆድ ውስጥ ይገባሉ። ባቡሩ በመርከብ ይሻገራል። ከአልጋችሁ ተነሱና ወደ መርከቡ ሰገነት ውጡ፤ ይፈቀዳል።

9. ባቡሩ ሲዘገይ ወይም ሲቀር

ጣሊያንና ፈረንሳይ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ የተለመደ ነው። ደግነቱ አስቀድሞ ይነገራል። ጣሊያን ውስጥ በሥራ ቀን በእነሱ አቆጣጠር ከ6 እስከ 9 እና ከ18 እስከ 21 ሰዓት ባለው ጊዜ የአካባቢ ባቡሮች አገልግሎት እንዲቀጥል ሕጉ ያስገድዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ አፑን እዩ።

መብታችሁንም እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ባቡሩ ከ60 እስከ 119 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል። እንደ ከባድ የአየር ሁኔታ ያለ ከድርጅቱ አቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካለ ማካካሻው ሊቀር ይችላል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ እንደሚዘገይ ከታወቀ ጉዞውን ትታችሁ ገንዘባችሁን መጠየቅ ወይም በሌላ መንገድ እንዲያደርሷችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማደር ግድ ከሆነ ማደሪያም ይገባችኋል።

ትኬታችሁ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድ ከሆነ ያመለጣችሁ ቀጣይ ባቡር የእነሱ ችግር ነው። ለየብቻ ከገዛችሁ ግን የእናንተ ነው። ትንሽ ቢወደድም አንድ ላይ ግዙ።

መዘግየቱ ሲጀምር የሰሌዳውን ፎቶ አንሱ፣ ተቆጣጣሪውም ትኬቱ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ማመልከቻውን ለማስገባት 3 ወር አላችሁ፤ ትኬቱን እስከዚያ እንዳትጥሉት።